ጓንቱ ሲወፍር እጅ ለምን ይበርዳል?

ሌላው አካሌ ብርድ ይችላል። እግሬ ዝም ይላል፣ ጆሮዬም ዝም ይላል። ጣቶቼ ግን ገና ከመኪና ስወርድ ይነጣሉ። የምወደው ነፋስ ደግሞ የሚመጣው በቀዝቃዛው ወቅት ነው። ያኔ ነፋሱ ይበረታል፣ ሰዉ ይሳሳል፣ ውሃው ላይ እንደልብ መንቀሳቀስ ይቻላል። እንዲህ ያለ ቀን በጣቶቼ ምክንያት ሲያመልጠኝ ያንገበግበኛል። ስለዚህ ካይትቦርዲንግ ላይ (ነፋስ በሚጎትተው ትልቅ ካይት እየተሳቡ ሳንቃ ላይ ቆሞ ውሃ ላይ መንሸራተት ነው) እጅ ስለማሞቅ ያላነበብኩት፣ ያልጠየቅኩት፣ ያልሞከርኩት ነገር ጥቂት ነው። የደረስኩበትን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው አይወደውም። እጅ የሚያቀዘቅዘው ብዙ ጊዜ ወፍራሙ ጓንት ራሱ ነው።

አንድ ነገር ሞክሩ። ቀኝ ክንዳችሁን ከክርን ትንሽ ዝቅ ብላችሁ በግራ እጃችሁ ያዙት። አሁን የቀኝ እጃችሁን ጣቶች እጠፉ፣ ዘርጉ። ሲወጣ ሲወርድ የሚሰማችሁ ጡንቻ ነው ጣቶቹን የሚጎትተው። ጣት ውስጥ ጡንቻ የለም። አጥንት፣ ጅማት፣ ቆዳና ደም ስር ነው ያለው። ሥራ ሠርቶ ራሱን የሚያሞቅበት ነገር የለውም። ሙቀቱ የሚመጣለት ከደረት ተነስቶ በክንድ በኩል በሚደርሰው ደም ነው። ሰውነት ደግሞ ብርድ ሲሰማው ይጨክናል። ለልብና ለአንጎል ሲል ወደ ጣት የሚሄዱትን ደም ስሮች ያጠባል።

አሁን ወደ ጓንቱ እንምጣ። ካይቱን የምንመራበት ዘንግ፣ ማለትም ባሩ፣ ቀጭን ሆኖ የተሠራው መዳፍ ውስጥ ዘና ብሎ እንዲቀመጥ ነው። ባለ 5 ሚሊሜትር የኒዮፕሪን (የስፖንጅ ዓይነት ጎማ ነው) ጓንት ስታደርጉ ባሩ ይወፍርባችኋል። ይባስ ብሎ ኒዮፕሪኑ ተመልሶ መዘርጋት ይፈልጋል። ጣታችሁን ባጠፋችሁ ቁጥር ይገፋችኋል። እናንተም ሳታውቁት ጨምቃችሁ ትይዛላችሁ። የክንድ ጡንቻ ያለማቋረጥ ሲጨመቅ ደግሞ በውስጡ የሚያልፉትን ደም ስሮች ይጫናል። ክንዱ ይግላል፣ ይወጠራል፣ ይደክማል። ጣቱ ደም ያጥረዋል። ክንድ ሲደክም ባሩን የበለጠ ጭምቅ ማድረግ ይመጣል፣ ነገሩም እየባሰ ይሄዳል።

አንድ ጓደኛ አለኝ፣ በዚህ ጉዳይ ፈጽሞ አንስማማም። ወፍራም ጓንቱን አጥልቆ ሲመጣ ቦክሰኛ ነው የሚመስለው። አንድ ቀን ከውሃ ሲወጣ ክንዱን እያሸ መጣ።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«ክንዴ ተቃጠለ።»

«ጣትህስ?»

«ጣቴማ የት እንዳለ እንጃ!»

ይህን ቤታችሁ ሆናችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ጓንታችሁን አድርጉና የመጥረጊያ እንጨት ያዙ። ቆማችሁ፣ እጃችሁን ደረታችሁ ትይዩ አድርጋችሁ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ። ክንዳችሁ ገና እቤት ውስጥ መወጠር ከጀመረ፣ ያ ጓንት ውሃ ላይ አይበጃችሁም።

የኒዮፕሪን ነገር ሌላም ጣጣ አለው። የሚያሞቀው ጎማው አይደለም፤ ጎማው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች ናቸው። ይህን ቀድሞ የተረዳው ሂዩ ብራድነር የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ዌትሱትን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚለበሰውን የኒዮፕሪን ልብስ፣ ሲፈለስፍ፣ ሙቀቱን የሚይዘው ልብሱ ውስጥ ያለው ጋዝ ከሆነ ሰውየው የግድ ደረቅ መሆን እንደሌለበት ገባው። እንግዲህ ባር ጭምቅ አድርጋችሁ ስትይዙ መዳፋችሁ ላይ ያለው ኒዮፕሪን ምን ይሆናል? አረፋው ይጨፈለቃል። ሥራውን ሊሠራ የሚገባው ውፍረት እዚያው እጃችሁ ውስጥ ይሳሳል። ስለዚህ መዳፍ በኩል ያለው ኒዮፕሪን ክንድ ያደክማል እንጂ ያን ያህል አያሞቅም። ብርዱን የሚመክተው የእጅ ጀርባ ላይ ያለው ነው፤ ነፋሱም የሚመታው እሱን ነው።

ለዚህ ነው መዳፉ ክፍት የሆነውን ጓንት የምወደው። አራቱ ጣቶች አንድ ከረጢት ውስጥ አብረው ይገባሉ፣ አውራ ጣት ለብቻው ነው፣ መዳፍ በኩል ደግሞ ምንም የለም። ባሩን የምይዘው በራቁት ቆዳዬ ነው። መጀመሪያ ያየ ሰው ይስቃል። «ግማሹ የት ሄደ?» ይላል። ግን እጅ ባር ላይ ሲዘጋ መዳፉ ውስጥ ነፋስ አይገባም፣ ጣቶቹም ጎን ለጎን ሆነው አንዱ ሌላውን ያሞቃል። ባሩም ቀጭን እንደሆነ ይቀራል። ጉዳቱ ስትወድቁ ነው። እጅ ከባሩ ሲለቅ ይከፈትና ውሃ ዘው ብሎ ይገባል። ብዙ የሚወድቅ ጀማሪ ስለዚህ አይወደውም፤ እውነት አለው።

ብርዱ ሲጠና ወደ 3 ሚሊሜትር እሄዳለሁ። ግን ጣቶቹ ከመጀመሪያው ታጥፈው የተሰፉ መሆን አለባቸው። ቀጥ ያለ ጣት ያለውን ጓንት በነጻ ቢሰጡኝም አልወስድም። ስፌቱም በሙጫ የተያያዘና መርፌው ወደ ውስጥ ያልዘለቀ ቢሆን ይመረጣል፤ አለዚያ በየቀዳዳው ውሃ ይገባል።

የጓንቱን ውጫዊ ገጽ ደግሞ ሰው ይንቀዋል። ጨርቅ የለበሰ አለ፣ ልሙጥ ጎማ አለ። ጨርቁ ውሃ ይይዛል። ነፋሱ ያንን ውሃ ሲያተነው ሙቀቱን የሚወስደው ከእጃችሁ ነው። አንድ ግራም ውሃ ለመትነን 2,400 ጁል ገደማ ይፈልጋል። ውሃ መጥጦ የሚይዝ ነገር እጅ ጀርባ ላይ አስሮ 20 ኖት (ኖት የነፋስ ፍጥነት መለኪያ ነው) ነፋስ ውስጥ መቆም ማለት እንግዲህ ማቀዝቀዣ መልበስ ነው። ልሙጡ ላይ ውሃው ተንሸራቶ ይወርዳል። እርግጥ ልሙጡ በጥፍርና በአሸዋ ቶሎ ይቀደዳል። ጀርባው ልሙጥ፣ መዳፉ ሸካራ የሆነ ካገኛችሁ እሱን ያዙ።

ርካሽ ዘዴም አለ። ሐኪሞች የሚያደርጉትን ዓይነት ስስ የላስቲክ ጓንት ከሥር መልበስ። ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ይወስዳል። ስለዚህ ቁም ነገሩ በወደቃችሁ ቁጥር አዲስ ቀዝቃዛ ውሃ ቆዳችሁን እንዳይነካው ማድረግ ነው። ስሱ ላስቲክ ይህን ያደርጋል፣ ባሩንም አያወፍርም። ብቻ ላዩ ላይ የሚደረገው ጓንት መጥበብ የለበትም። ጥብቅ ጓንት፣ ጥብቅ ሰዓት፣ የድራይሱት (ውሃ ጭራሽ የማያስገባው ልብስ) ጥብቅ የእጅ አንጓ ላስቲክ፣ ሁሉም ደም ይከለክላሉ። ስትለብሱ «ልክክ አለ» ካላችሁ፣ ምናልባት አንድ ቁጥር ትልቅ ያስፈልጋችኋል።

ስለ ጓንት በቂ ተናገርኩ። ዋናው ነገር ግን ከጓንት ውጭ ነው።

ካናዳ ውስጥ ለጦር ኃይሉ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አንድ ሙከራ አድርገው ነበር። ሰዎችን ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ክፍል ውስጥ አስቀመጡ። ጓንት የለም። ያሞቁላቸው ደረትና ሆዳቸውን ብቻ ነው። ጣቶቻቸው ሳይቆፍኑ ቆዩ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ለጓንት የማወጣውን ገንዘብ ቀነስኩና አንገቴንና ደረቴን መሸፈን ያዝኩ። ከዌትሱቱ ሥር ስስ የኒዮፕሪን ሰደርያ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ ራስ ላይ ቆብ። ቆብ የሚያደርግ ሰው ያምራል አልልም። ጣቶቹ ግን ይንቀሳቀሳሉ።

ብዙ እጅ የሚሸነፈው ደግሞ ውሃው ላይ አይደለም፣ ገና አሸዋው ላይ ነው። የካይቱን ገመድ ስትዘረጉ፣ ቋጠሮ ስታጠብቁ፣ እርጥብ አሸዋ ከገመዱ ላይ ስታራግፉ፣ ባዶ እጃችሁን ናችሁ። ግማሽ ሰዓት እንዲህ ካለፈ በኋላ የሚደረግ ጓንት ብርዱን ነው የሚይዘው፤ ጓንት ያለውን ይጠብቃል እንጂ ሙቀት አይፈጥርም። ስለዚህ ገመድ የምዘረጋው ደረቅ የሱፍ ጓንት አድርጌ ነው። ካይቱን በፓምፕ የምነፋው በመጨረሻ ነው፣ ያውም ከዌትሱቱ ላይ ጃኬቴን ደርቤ። ፓምፑ ራሱ ጥሩ ማሞቂያ ነው። ሲጋራ የምታጨሱ ከሆነ ከመግባታችሁ በፊት ያቺን አንዷን ተዉአት። ኒኮቲን ደም ስር ያጠባል።

ከዚያ ፔርሙዜ ይመጣል። ሙቅ ውሃ ነው ያለበት፣ የፈላ አይደለም። መጀመሪያ ክንዴ ላይ ጠብ አደርገዋለሁ፣ ካላቃጠለኝ ጥሩ ነው። ጓንቱን በአንድ እጄ አፉን ከፍቼ ጥቂት እጨምርበታለሁ። ጣቶቹ ድረስ እንዲደርስ ገልበጥ ገልበጥ አድርጌ አፈሰዋለሁ። የሚቀረው እርጥበት ይበቃል። እጄን ስከተው ጭስ ይወጣል፣ ጣቶቼም ይላላሉ። አንደኛው ጓንት እንዲህ በቀላሉ ይገባል። ሁለተኛው ነው ፈተናው። ጓንት ባደረገ እጅ ጓንት መልበስ አይሆንም። በጥርስ መሳብ አለ፣ ጨው ያስልሳል። ጓደኛዬ አጠገቤ ካለ እሱ ይስብልኛል።

«ያዝ እንግዲህ፣ ልስበው?»

«ኧረ ቀስ በል፣ ጣቴን አብረህ እንዳትነቅለው!»

ከዚህ በፊት ሃርነሱ (ወገብ ላይ የሚታሰረው ቀበቶ)፣ የደህንነት ገመዱ፣ ቆቡ፣ ሁሉም ነገር አልቆ መሆን አለበት። ጓንት የመጨረሻው ነው። አንድ ነገር ረስታችሁ ጓንት ካወለቃችሁ ሙቀቱ ሄደ።

ውሃ ላይ ስትወጡ ደግሞ አያያዛችሁን ተመልከቱ። የካይቱን ጉልበት የሚሸከመው ወገባችሁ ላይ ያለው ሃርነስ ነው። እጅ መሪ ነው፣ ሌላ ሥራ የለውም። በሁለት ሁለት ጣት መያዝ ይበቃል። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር እንደሚከብድም አትርሱ። ከ25 ዲግሪ ወደ ዜሮ ሲወርድ አየሩ 9 በመቶ ገደማ ይከብዳል። ስለዚህ ያው የኖት ቁጥር በቀዝቃዛው ወቅት የበለጠ ይጎትታል። አነስ ያለ ካይት ያዙ። ትልቅ ካይት ይዞ የሚታገል ሰው ባሩን ያንቃል፣ ባር ያነቀ ደግሞ ጣቱን ያጣል።

የእጅ ከፍታም ነገር አለ። ባሩ ሩቅ ከሆነ ክንድ ተዘርግቶ፣ አንዳንዴም ፊት ድረስ ከፍ ብሎ ይቆያል። ደሙ ሽቅብ መውጣት አለበት። ካይቱን አስተካክላችሁ ባሩ ወደ ሆዳችሁ ቀርቦ፣ ክርናችሁ ታጥፎ እንዲሆን አድርጉ። እኔ ረጅም ቀጥ ያለ ጉዞ ሳገኝ የኋላ እጄን ከባሩ ላይ አወርደዋለሁ። ጭኔ አጠገብ አንጠልጥዬ፣ ከትከሻዬ ጀምሬ ወዲያ ወዲህ እወዘውዘዋለሁ። መጀመሪያ ምንም አይሰማኝም። ቆየት ብሎ ጣቶቼ ጫፍ ላይ መርፌ መርፌ ይለኛል። ከዚያ እሱ ይነሳና ሌላኛው ይወርዳል። ከዳር ለሚያየኝ ሰው ለማንም ሰላምታ የምሰጥ ነው የምመስለው።

ብዙ ሰው «የመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ሲኦል ነው፣ ከዚያ በኋላ ይሞቃል» ይላል። ዝም ብሎ ወሬ አይደለም። ቶማስ ሉዊስ የተባለ ብሪታኒያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1930 ጽፎታል። ጣት በረዶ ውሃ ውስጥ ሲገባ ደም ስሩ ይጠባል፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በኋላ ግን በራሱ ይከፈታል፣ ደግሞ ይጠባል፣ ደግሞ ይከፈታል። ሰው ከሰው ይለያያል፤ ደረቱ የቀዘቀዘ ሰው ጋ ደግሞ ይህ መከፈት ይደክማል። እኔ የምጠቀምበት እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ አጭር ዙር እወጣለሁ። ጣቶቼ መቆፈን ሲጀምሩ ተመልሼ ካይቱን አሳርፋለሁ፣ እጄን ብብቴ ውስጥ እከታለሁ። ደሙ ሲመለስ ይጠዘጥዘኛል። እንባ የሚያመጣ ጥዝጣዜ ነው፤ አንዳንዴ ማቅለሽለሽም አለው። ያ ካለፈ በኋላ ስወጣ እጄ ለረጅም ጊዜ ይቆይልኛል። ለምን ሁሌ ይህን መቀበል እንዳለብኝ ጓደኛዬ አይገባውም። የሱ እጅ ወፍራም ነው፣ ጣቶቹም አጫጭር ናቸው። ተፈጥሮ አድልታለታለች።

አሁን ቀልድ የሌለበት ነገር። የእጅ ቆዳ ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ ጣት ቅልጥፍናውን ያጣል። ወደ 8 ዲግሪ ሲጠጋ መዳሰሱን ያቆማል። እናንተ ደግሞ አደጋ ሲመጣ ካይቱን የምትለቁበትን መፍቻ በዳበሳ አግኝታችሁ መግፋት ያለባችሁ በዚያው እጅ ነው። ስለዚህ አዲስ ጓንት ገዝታችሁ መሬት ላይ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ መፍቻውን ደጋግማችሁ ፍቱ። በዚያ ጓንት የማይፈታ ከሆነ ጓንቱ ምንም ያህል ቢሞቅ አይረባም። ውሃ ላይ ደግሞ በየጥቂት ደቂቃው አውራ ጣቴን ከትንሿ ጣቴ ጋር አገናኛለሁ። እምቢ ካለችኝ ወደ ዳር ነው። «አንድ ዙር ብቻ» የለም።

ከወጣችሁ በኋላ የደነዘዘ እጅ አትፈትጉ። ትኩስ ውሃም ውስጥ አትክተቱ፤ ቆዳው ስለማይሰማው ሳታውቁት ትቃጠላላችሁ። ብብት፣ ሆድ፣ ለብ ያለ ውሃ ይበቃል። ጣት ነጥቶ፣ ደርቆ እንደ ሻማ ሰም ከሆነና ካልተመለሰ ሐኪም ጋ ነው የሚኬደው። ጣቶቻችሁ በትንሽ ብርድ ሁሉ ነጭ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ ቀይ የሚሆኑ ከሆነም እንዲሁ። ሬይኖ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1862 የገለጸው ችግር ነው፤ በጓንት ብቻ የሚፈታ አይደለም።

ተሰብሮ ወይም ተከፍቶ የሚሞቀውን የእጅ ማሞቂያ ከረጢት ጓንት ውስጥ ስለመክተት የሚጠይቁኝ አሉ። ተከፍቶ የሚሞቀው ውስጡ የብረት ዱቄት ነው፤ የሚሞቀውም አየር ሲያገኝ ነው። እርጥብ የተዘጋ ጓንት ውስጥ ይሞታል። ጃኬት ኪስ ውስጥ አስቀምጡት፣ ዳር ስትወጡ ያገለግላችኋል። ባትሪ ያለውን ጓንት አልሞከርኩም፤ ውፍረቱን አይቼ ነው የተውኩት።

ጓንት ስታደርቁ ገልብጣችሁ፣ ከጠንካራ ፀሐይና ከማሞቂያ አርቃችሁ ስቀሉት፤ ሙቀት ኒዮፕሪኑን ያደርቀውና ይሰነጣጥቀዋል፣ የደረቀ ጓንት ደግሞ አይታጠፍም። ሁለት ጥንድ ቢኖራችሁ ይሻላል። በማግስቱ ያልደረቀውን ማድረግ ግዴታ ከሆነብኝ፣ ፔርሙዜ ውስጥ የምይዘውን ውሃ እጥፍ አደርገዋለሁ።